የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከዚያስ?

ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ራስ ጉግሳ መርሳ በ1817 ዓ.ም. አረፉ። የንጉሠ ነገሥቱን እንደራሴነት ሥልጣን ሦስት ልጆቻቸው ይማም ጉግሳ፣ ማርዬ ጉግሳና ዶሪ ጉግሳ በየተራ ያዙት። ከእነሱ በኋላ ወንበሩ ለልጅ ልጃቸው ለራስ ዓሊ አሉላ ደረሰ፤ ራስ ዓሊም በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ እስኪሸነፉ ድረስ ገዙ። አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጅ ናቸው፤ ቤቱም አንድ፣ ወንበሩም አንድ ነው። ከስማቸው ኋላ የሚከተለው ግን ሦስት ዓይነት ነው፦ መርሳ፣ ጉግሳ፣ አሉላ። እንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ አምስቱም በአንድ ስም በተጠሩ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ሌላ ራስ ጉግሳ ተቀመጡ። እኒህ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅና የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩት፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የወደቁት ጉግሳ ወሌ ናቸው። ታሪክ አንባቢ ሁለቱን ጉግሳዎች የሚለያቸው በአባታቸው ስም ነው። የአባት ስም በእኛ ዘንድ የተፈጠረው ለዚሁ ሥራ ነው። ያንን ጉግሳ ከዚህኛው ይለያል እንጂ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ በአንድ ምልክት አይሰበስብም።

ይህ ልማድ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ወርዶ ፎገራ ሜዳ መግባት ይበቃል። ወሬታ ላይ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጡት መንገዶች ይገናኛሉ። ወደ ጎንደር የሚያቀናው መንገድ ርብን ተሻግሮ አዲስ ዘመን ሲደርስ የጣራ ገዳም ተራራና ደን ይታያል። በዚህ አካባቢ በሚገኝ ማንኛውም ትምህርት ቤት የክፍል ስም ዝርዝር ቢገለጥ ሙሉቀን፣ አያሌው፣ ፈንታ፣ ምትኩ፣ በላይ፣ ካሳ የሚሉ ስሞች ከፊትም ከኋላም ተደጋግመው ይገኛሉ። መምህሩ ስም ሲጠራ ሁለት «ሙሉቀን አያሌው» አቤት ካሉት የአያት ስም ይጨምራል። ሦስተኛ ካለም አንዱን «ትልቁ»፣ ሌላውን «ትንሹ» ብሎ ይገላገላል።

ሙሉቀን አያሌው ፈንታ የሚባል ሰው አለ እንበል። ልጁ ጌታቸው ሙሉቀን አያሌው ይባላል፤ እዚህ ላይ ፈንታ ከዝርዝሩ ወጣ። የልጅ ልጁ በላይ ጌታቸው ሙሉቀን ሲባል አያሌውም ይወጣል። በላይ ልጅ ሲወልድ ደግሞ ሙሉቀንም ተራው ይደርሳል። ከፊት አንድ ስም ሲጨመር ከኋላ አንዱ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ማንም ሰው በልጅ ልጁ ልጅ ስም ውስጥ አይገኝም። ይህ ማለት ግን ስሙ ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም። በላይ የበኩር ልጁን ፈንታ ቢለው ስሙ እንደገና ከፊት ቆመ ማለት ነው። ልጅ የሞተባት እናት ተከታዩን ካሳ ወይም ምትኩ የምትለው ለራሷ ኀዘን ነው፤ ስሙ ከአያት ቅድመ አያት ይምጣ አይምጣ አያስጨንቃትም። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ፣ አንዱ ካሳ ኃይሉ፣ ሌላው ካሳ ምርጫ። ይህን ስም አይቶ ዘመዳሞች ናቸው የሚል ኢትዮጵያዊ የለም።

እንግሊዞችም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሩን ሲይዙ የተራው ሰው ስም አንድ ብቻ ነበር፣ ካስፈለገም የአባቱ ስም ወይም የመንደሩ ስም ይከተለዋል። ከልጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ስም በመጀመሪያ የታየው ርስት በነበራቸው ኖርማን መኳንንት ዘንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው ሕዝብ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1538 ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲያዝ ሲያዝ ደግሞ የተጻፈው ስም እንደተጻፈ ቀረ። «ጆንሰን» የጆን ልጅ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን አባቱ ጆን የሆነ ጆንሰን ማግኘት ዕድል ነው። የዌልስ ሰዎች ለብዙ ዘመን ልክ እንደኛ አባትን እየጠሩ ኖረው በመጨረሻ ስሙ ረግቶባቸዋል። «አፕ ሃውል»፣ የሃውል ልጅ፣ ፓወል ሆኖ ቀረ፤ «አፕ ሪስ» ፕራይስ ሆነ። አይስላንዶች ግን እምቢ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጡት ሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከልክለው እስከ ዛሬ አብዛኞቹ በአባት ወይም በእናት ስም ይጠራሉ። የስልክ ማውጫቸውም እንደኛው የተደረደረው በራስ ስም ነበር።

የረጋ ስም የራሱ በሽታ አለው። የሚወርደው በወንድ ልጅ በኩል ብቻ ስለሆነ ወንድ ያልወለደ ቤት ስሙን ይዞ ይጠፋል። ፍራንሲስ ጋልተን ታላላቅ የእንግሊዝ ቤቶች ስማቸው እየጠፋ መሄዱን አይቶ ጥያቄውን ለሒሳብ ሰዎች አቀረበ፤ ሄንሪ ዋትሰን የሚባል ቄስና የሒሳብ ሊቅ መልስ ሰጠው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1874 አብረው ጻፉ። ዛሬ ሳይንቲስቶች የኒውክሌር ሰንሰለትንና የወረርሽኝን መዛመት የሚያሰሉበት የጋልተንና ዋትሰን ቀመር የተወለደው ከዚህ ከቤተሰብ ስም ሞት ነው። እንግሊዝ አገር ብርቅ የሆኑ ስሞች ያሉት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ስም ከአንዲት መንደር ተነሥቶ ዛሬ ጥቂት ቤቶች ብቻ ይዘውታል። ሌላው ደግሞ ያልታሰበ ቦታ ይገኛል፤ ዋሽንግተን የሰሜን እንግሊዝ ቦታ ስም ሲሆን ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ባለቤቶቹ ጥቁሮች ናቸው። ፈንታ ወይም ጉግሳ የሚባል ስም በዚህ መንገድ ሊሞት አይችልም፣ የሚያወርሰው ወንድ ልጅ ሳይሆን የሚያወጣው ወላጅ ስለሆነ።

ታዲያ የእኛ አገር መኳንንትና ባላገር ርስት እያላቸው፣ የዘር ሐረግ እየቆጠሩ፣ ግብር እየከፈሉ የቤተሰብ ስም ለምን አላወጡም? መልሱ ያለው በራሱ በርስቱ ውስጥ ይመስለኛል። በቤጌምድርና በጎጃም የርስት መብት የሚመጣው በአባት ብቻ አልነበረም። መሬቱን በመጀመሪያ የያዘው አቅኚ አባት ይባላል፤ ከሱ መወለዱን ያስረዳ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ፣ በአያቱ እናትም ቢሆን፣ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችላል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የተባለውም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። አንድ ገበሬ በእናቱ በኩል በአንድ አጥቢያ፣ በአባቱ በኩል በሌላ አጥቢያ ተወላጅ ሊሆን ይችላል። ሙግት ሲነሣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «እኔ የእገሌ፣ እገሌም የእገሊት፣ እገሊትም የእገሌ» እያለ እስከ አቅኚው ድረስ ይወጣል።

እንዲህ ላለ ሰው በአባት በኩል ብቻ የሚወርድ ስም ምን ይጠቅመዋል? ከስምንት ቅድመ አያቶቹ አንዱን ብቻ ያስታውሰዋል፣ ሰባቱን ይሰውርበታል፣ መሬቱ ደግሞ ያለው በሰባቱ በኩል ሊሆን ይችላል። ለጋብቻም ያው ነው። ልጅና ልጅ ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት በሁለቱም ወገን ነው። የቤተሰብ ስም ቢኖር በአባታቸው የሚገናኙትን ያጋልጥ ነበር፤ በእናታቸው የሚገናኙትን ግን ባዕድ አስመስሎ ያሳልፍ ነበር። የዘር ቆጠራው በቃል የሚያዝ፣ በሁለት ወገን የሚሄድና ረጅም ነው፤ የመጠሪያ ስም አጭርና ተለዋዋጭ መሆን የቻለው ከባዱን ሸክም ይህ ቆጠራ ስለተሸከመለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሙግት ቆመ። እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው፤ ቆጠራው ከጥቅሙ ጋር ተያይዞ እየሳሳ ነው፣ ዛሬ ሰባት ቤት በቃሉ የሚወጣ ወጣት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የአባትንም ስም አትፈልግም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፦ ገብረ ሚካኤል፣ ወልደ ሰንበት፣ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ። በጸሎትና በፍትሐት የሚጠራው ይኸው ነው፤ ቀበሌ «ሙሉቀን አያሌው» የሚለው ሰው በመቅደስ ሌላ ስም አለው። የመነኮሰ ሰውም የዓለም ስሙን ከዓለም ጋር ይተዋል። በጣራ ገዳም «አባ» ተብሎ ከሚጠራ መነኩሴ ስም ተነሥቶ ከሜዳው ውስጥ የትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፣ እንዲቻልም አልተፈለገም።

የቤተሰብ ስም በሕግ ሊተከል የተሞከረው አንድ ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በመንግሥት ወረቀት ላይም የቤተ ዘመዱ ስም ይቅደም ይላል። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1934 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታ ሁሉንም ዜጋ ስም አስይዛለች፤ ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ የተባለው ያን ጊዜ ነው። እኛ ጋ ግን አንቀጹ ወረቀት ላይ ቀረ። ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት የክብር መዝገብ ክፍል በአዋጅ እስኪጀመር ይቆይ ተብሎ በዚያው ሕግ ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ ያ አዋጅም የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው መዝገብ ሲከፈት በቅጹ ላይ የነበሩት ቦታዎች ሕዝቡ ሲጠቀምባቸው የኖሩት ናቸው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በእኔ ግምት ሕዝቡ ሕጉን ሳይቃወም፣ ሰልፍ ሳይወጣ፣ ዝም ብሎ አሸነፈው።

ችግሩ የሚጀምረው ድንበር ሲሻገሩ ነው። የውጭ ስፖርት ጋዜጠኛ ሯጩን ኃይሌን «ገብረ ሥላሴ» ሲለው የሚጠራው አባቱን ነው። የጥሩነሽ፣ የገንዘቤና የእጅጋየሁ ዲባባ ነገር ግን አሳስቶታል፤ ሦስቱ እኅትማማቾች የአንድ አባት ልጆች ስለሆኑ ዲባባ እንደ ቤተሰብ ስም ገጠመለት። ዘመዳቸው ደራርቱ ቱሉ ግን ከዚያ ስም ውጪ ሆነችበት። የውጭ ቤተ መጻሕፍትም የታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብለው ገልብጠው ሲመዘግቡ አንዳንዶቹ ደግሞ በትክክል በባሕሩ ይጀምራሉ፤ አንድ ደራሲ በሁለት ፊደል ሥር ይፈለጋል።

ውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ በበኩሉ በአንድ ቤት ሦስት የመጨረሻ ስም ይዞ አውሮፕላን ጣቢያ ይቆማል፤ ባል በአያቱ፣ ሚስት በአያቷ፣ እዚያ የተወለደው ልጅ ደግሞ ሆስፒታሉ ባሰፈረለት። ሚስት በጋብቻ ስሟን የማትቀይር መሆኗ በአገራችን የተከበረ ልማድ ሲሆን እዚያ ማስረጃ የሚጠየቅበት ይሆናል። ቶሮንቶ የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ የአባቱ ስም መኮንን ነው፤ ተስፋዬ አያቱ ናቸው። በእኛ ሥርዓት ልጁ የአቤልና የመኮንን እንጂ የተስፋዬ ስም አይኖረውም፤ በካናዳ ግን ተስፋዬ ሊቀጥል ይችላል። ካሳሁን ፅጌ ተብሎ የተወለደው ባለሙያ ምግብ አብሳይ ደግሞ በጉዲፈቻ ስዊድን ሄዶ ማርከስ ሳሙኤልሰን ሆኗል፤ የያዘው ስም የአንድ ስዊድናዊ ሳሙኤል ልጅነት የረጋበት ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ተስፋዬ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ዓለማየሁ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የቤተሰብ ስም እየሆኑ ነው። ከአንድ መንደር እንደወጣው ብርቅ የእንግሊዝ ስም ሳይሆን፣ አንድ አባት ሳይኖራቸው እንደበዙት ጆንሰኖች ናቸው። ከወሬታ የሄደ ፈንታና ከደሴ የሄደ ፈንታ በሦስተኛው ትውልድ ስማቸውን አይተው ዘመዳሞች ነን ብለው ቢያስቡ የሚያርማቸው ሌላ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። ልጆቻቸውን እዚያ የሚያሳድጉ ወላጆችን የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ከስሙ ጋር አገሩን፣ አጥቢያውን፣ የክርስትና ስሙን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናትን ወገን ይጻፉላቸው።

በአገር ቤት ይህ ሥራ ሳይታወቅ ተጀምሯል። ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ሁለት ሙሉቀን አያሌው ፈንታዎችን ያለ ቤተሰብ ስም ይለያቸዋል። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው የሚሰጠው የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ የልጁን ስም ከአባትና ከአያቱ ጋር ከጻፈ በኋላ የእናቱንም ሙሉ ስም ይመዘግባል። ያ ሙሉ ስም የእናትየውን አባትና አያት ስለሚይዝ አንድ የፎገራ ሕፃን በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ የሚወጣበት የተጻፈ መንገድ አለው። የእናቱ የልደት ወረቀት ከእሱ ጋር ተያይዞ ከተቀመጠ ደግሞ የእናቱ እናትም ከነአባቷና ከነአያቷ ትገኛለች።