አረቄ በነዳጅነቱ

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ እስከ ራቤል አረቄን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ብርዱ አለ፣ ገብሱ አለ፤ የደብረ ብርሃን አረቄ ደግሞ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የወጣለት ነው። እኔ ግን የማነሣው ማንም የማያወጋውን ጠባዩን ነው። አረቄ ነዳጅ ነው።

ማጋነን እንዳይመስል አንድ ነገር ላስታውስ። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ እየወጣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር 5 ከመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 10 ከመቶ ሲቀላቀል የነበረው ኢታኖል፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየበሩ የተቀመጠው ሳኒታይዘር፣ በመንዝ ጓዳ ከቱቦ ጫፍ የሚንጠባጠበው አረቄ፣ ሦስቱም ኃይላቸውን የሚያገኙት ከአንድ ንጥረ ነገር፣ ከአልኮል ነው። በዋናነት የሚለያያቸው በውስጣቸው ያለው የውኃ መጠን ነው። ፋብሪካ ይህን ፈሳሽ የሚያስቀምጠው በተዘጋ የብረት ታንከር ነው፤ ሲጋራና ክብሪት በአጠገቡ አያልፍም፣ የመብራቱ ማብሪያ እንኳ ብልጭታ እንዳያወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። መንዝ ላይ ያለችው እናት ግን ያንኑ ኬሚካል የምታመርተው በጉልቻ ላይ፣ ኩበትና ባሕር ዛፍ እያነደደች፣ ልጅ አዝላ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። የተቆላው እህል ተፈጭቶ ቂጣ ይጋገራል፤ ከብቅሉና ከጌሾው ጥንስስ ጋር ተደፍድፎ ለቀናት ይብላላል። ድፍድፉ ወደ ማውጫው እንስራ ወይም በርሜል ይገባና አፉ ተከድኖ ዙሪያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ የሚነሣው ቱቦ፣ ድሮ መቃ ወይም ቀርከሃ፣ አሁን አሁን መዳብ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወርደው ብርቱው ነው፤ እየቆየ ይላማል። ተራ አረቄ የአልኮል መጠኑ 35 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሁለተኛ ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ 45 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል።

አሁን ወደ እሳቱ። የሚነደው ከፈሳሹ ላይ የሚነሣው ትነት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች የማንኛውንም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ጠባይ የሚለኩት፣ ክብሪት ሲጠጋው ቦግ ለማለት የሚበቃ ትነት መስጠት በሚጀምርበት ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ንጹሕ አልኮል 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይህን ያደርጋል። 70 ከመቶ የሆነው ሳኒታይዘር 17 ዲግሪ አካባቢ፣ ዳግም አረቄ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ተራ አረቄ ከዚያ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ብሎ። 10 ከመቶ ብቻ አልኮል ያለበት መጠጥ 50 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ አይቀጣጠልም፤ ጠላ ቤት በጠላ የማይቃጠለው ለዚህ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያየ መንዜ «እኛ ዘንድ እኮ ብርድ ነው» ሊል ይችላል። ግን ቁጥሮቹ የተለኩት በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፈሳሹ ቶሎ ይተናል። እዚያ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አልኮል ደግሞ በባሕር ወለል 78 ዲግሪ ላይ የሚፈላው መሐል ሜዳ 70 ሳይሞላ ይፈላል። የመቀጣጠያው ሙቀትም አብሮ ሰባት ስምንት ዲግሪ ይወርዳል። ዳግም አረቄው 17 ዲግሪ ላይ ዝግጁ ነው ማለት ነው፤ እሳት የሚነድበት ቤት ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ብርዱ የሰጠውን ጥበቃ ከፍታው መልሶ ወሰደው። ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ቆላ ሲወረድ ከፍታው ቢቀንስም የቀኑ ሙቀት ብቻውን ይበቃል።

ትነቱ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ወደ ጣሪያ ወጥቶ በጭስ መውጫው አይሄድም፤ እንደ ፈሰሰ ውኃ ወለሉን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሳባል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ምድጃው ነው። ከአየሩ ከ3 ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለው ትነት ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። አንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሙሉ በሙሉ ቢተን ከ12 ሜትር ኪዩብ በላይ አየር እንዲህ ያደርጋል፤ ሁለት በሦስት የሆነች ጓዳ መሆኗ ነው።

አደጋው የሚጀምርባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አረቄ የምታወጣ ሴትም ቦታዎቹን ታውቃቸዋለች፤ የምታውቃቸው ግን በኪሳራነታቸው ነው። የማቀዝቀዣው ውኃ ሲሞቅ ትነቱ ወደ ፈሳሽ ሳይመለስ በመቀበያው አፍ ያመልጣል። ምርጉ ሲሰነጠቅ ትነቱ የሚወጣው በቀጥታ እሳቱ አናት ላይ ነው። ቤቱን የአረቄ ሽታ ሲሞላው ብዙ ሰው ሥራው እንደሰመረ ይቆጥረዋል፤ እውነቱ ግን ገንዘቡ እየበነነ፣ እሳቱም እየቀረበ መሆኑ ነው። እንስራው እስከ አፉ ተሞልቶ እሳቱ ከበረታ ደግሞ ድፍድፉ ይንተከተክና ቱቦውን ይደፍናል፤ መውጫ ያጣ እንፋሎት ክዳኑን ይወረውራል።

መፍትሔው ርቀት ነው። ቱቦው ይርዘም፤ መቀበያው ከእሳቱ የቻለውን ያህል ይራቅ፣ ቢቻል ከግድግዳ ወዲያ ይሁን፤ አፉም ጠባብ ይሁን። እንስራው ሲሶው ባዶ ይቀመጥ። ውኃው ሳይሞቅ ይለወጥ። በሩ ከሥር ከላይ ክፍት ይሁን። ከመቀበያው ወደ ጀሪካን መገልበጥ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ደጅ ላይ፣ በቀን ብርሃን ይሁን። በኩራዝ ብርሃን አረቄ መቅዳት የማይገባ ሥራ ነው።

አንድ ልማድ አለ፤ በጽኑ የምቃወመው ነው። የአረቄን ብርታት ለማሳየት እሳት ላይ ጠብ ማድረግ። ቦግ ሲል ገዢ ይደሰታል። እሳቱ ግን በሚፈሰው ፈሳሽ ላይ ተሳፍሮ ወደ ጠርሙሱ ሊመለስ ይችላል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ትነት ሲቀጣጠል የቀረውን ፈሳሽ እየነደደ ፊት ለፊት ወደ ቆመው ሰው ይተፋዋል። የአልኮል ነበልባል ሰማያዊና ስስ ስለሆነ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ሰው የጠፋ መስሎት ይጨምርበታል። ለብርድና ለቁርጥማት ሰውነቱን በአረቄ ታሽቶ እሳት ዳር የሚቀመጥም ራሱን ክር አድርጎ ነው የተቀመጠው።

ከተቀጣጠለ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አረቄ ከቤንዚን ይሻላል። ከውኃ ጋር ስለሚዋሐድ በእጥፉና ከዚያ በላይ በሆነ ውኃ ሲቀጥን ይጠፋል። ቤንዚን ግን ከውኃው በላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሰራጫል፤ ለእሱ አፈር፣ አመድ ወይም ማፈኛ ነው የሚሆነው። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን ቤት ውስጥ የሚከማቸው ቤንዚን ለመቀጣጠል ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እንኳ ይበቃዋል፤ የመንዝ ብርድ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ላምባ የያዘ ኩራዝ ውስጥ ቤንዚን መጨመር ደግሞ ፈንጂ ማብራት ነው።

ለማፈኛ መንዝ የታደለ አገር ነው። የበግ ጠጉር በቀላሉ አይነድም፤ እሳት ሲነካው ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ከዚሁ ጠጉር የሚሠራው ባና በውኃ ተነክሮ ከማውጫው አጠገብ ቢሰቀል የፋብሪካ የእሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ የሚሠራውን ይሠራል። ከከተማ የሚመጣው የናይለን ብርድ ልብስ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ለዚህ ሥራ አይቅረብ። ጣሪያው የጓሳ ሣር የሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ ማውጫውን ጨርሶ አለመትከል ነው፤ ደጅ ለብቻው ዳስ ይሠራለት።

ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል። የተቃጠለ አካል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እበት፣ አረቄ አይቀባ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ቃጠሎው የሰፋ ከሆነ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወይም ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል ይወሰድ።

ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ክትባት በየቀበሌው ይሰበካል። ስለ አረቄ ማውጫ እሳት ሲሰበክ ግን አልገጠመኝም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አረቄን ማስተማር አረቄን ማበረታታት ይመስላል። ነገር ግን ሴቲቱ ልጆቿን የምታስተምረው በዚሁ ነው፤ ማንም ዝም ስላለ እሳቱን አታጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሚቀጥለው የቤት ለቤት ጉብኝታቸው እንስራው ያለበትን ጓዳ ገብተው ይዩ፤ መቀበያው ከእሳቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ይጠይቁ።