የተጎዳ ወገብ ወደ ብረት ይመለሳል

ክብደት ሲያነሳ ወገቡን የያዘው ሰው ከቤተሰቡም፣ ከጂም ጓደኞቹም፣ አንዳንዴም ከሐኪሙ የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» ይባላል። ምክሩ ከመቆርቆር የመጣ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናትም ልክ ነው። ክፋቱ ክልከላው ማብቂያ ሳይቆረጥለት ቀርቶ የዕድሜ ልክ ሕግ ሲሆን ነው። ያኔ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ከብረቱ አልፎ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰርን፣ ልጅ ማቀፍን፣ ጀሪካን ማንሳትንም መፍራት ይጀምራል። ባለፉት አርባ ዓመታት የተከማቸው ማስረጃ ይህን ፍርሃት አይደግፍም። አብዛኛው የወገብ ጉዳት ይድናል፤ ተመጥኖ የሚመለስ ሸክምም ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። መነጋገር ያለብን መቼ፣ ምን ያህልና በምን ቅደም ተከተል ይመለስ በሚለው ላይ ነው።

በመጀመሪያ የአልጋ እረፍትን እንመልከት። ወገቡን ለታመመ ሰው ረጅም የአልጋ እረፍት ማዘዝ ለብዙ ዘመን የተለመደ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ 203 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን የሁለት ቀን፣ ለሌላው የሰባት ቀን እረፍት አዘዙ። ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ሰዎች ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ሆኑ፤ በሌላው መለኪያ ሁሉ ረጅሙ እረፍት ያስገኘው ጥቅም አልታየም። በ1995 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ነገሩን ወደፊት ገፋው። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፤ ሁለተኛው የወገብ ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሦስተኛው ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የወትሮ ኑሮውን ቀጠለ። ከሁሉ ቀድሞ ያገገመው ሦስተኛው ሲሆን ከሁሉ የዘገየው የተኛው ነበር።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የጡንቻ ጠባይ ነው። አከርካሪን ከግራና ከቀኝ ተጠግቶ የሚደግፍ መልቲፊደስ የሚባል ጥልቅ ጡንቻ አለ፤ ወገብ ሲታመም ይህ ጡንቻ ይሳሳል። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ጡንቻው በራሱ ጊዜ ወደነበረበት አይመለስም። ይህን ጡንቻ ለይተው ካሠሩት ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 30 በመቶ ሲሆኑ፣ ካላሠሩት መካከል 84 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ስላቀፈ ቁጥሩን እንደወረደ መውሰድ አይገባም፤ የሚጠቁመው ነገር ግን ከባድ ነው። ሕመምና አቅም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕመም በሳምንታት ውስጥ ለቅቆ ሊሄድ ይችላል፤ አቅም የሚመለሰው ግን በሥራ ነው። ወራት ተኝቶ የሚጠብቀውም፣ ሕመሙ በጠፋ ማግስት የድሮውን ኪሎ የሚጭነውም የሳቱት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ኤምአርአይ ላይ ዲስክህ ተንሸራቷል የተባለ ሰው እንዴት ብረት ያነሳል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቂ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት የአከርካሪ አጥንቶች ጋር ጠብቆ የተያያዘ ስለሆነ ከቦታው ወጥቶ አይሄድም፤ የሚሆነው ውጫዊው ሽፋን ሲላላ ወይም ሲቀደድ ውስጡ ያለው ለስላሳ ነገር ወደ ውጭ ማበጡ ወይም መውጣቱ ነው። ስለዚህ በእጅ ተገፍቶ «ወደ ቦታው የሚመለስ» ዲስክ የለም፤ እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገቡን በኃይል ማስታሸቱም ጉዳቱን ሊያብስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ 52 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኘባቸው። በ2015 ከሦስት ሺህ በላይ ሕመም የሌለባቸው ሰዎችን ያቀፉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩም፣ በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ እንኳ ያረጀ ዲስክ በ37 በመቶዎቹ፣ በ80 ዓመት አዛውንቶች ላይ ደግሞ በ96 በመቶዎቹ ታይቷል። ምስሉ ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ብቻውን ግን የሕመሙን ምንጭም ሆነ የሰውየውን የወደፊት ዕጣ አይናገርም። የበለጠ የሚያጽናናው ደግሞ ሰውነት የወጣውን የዲስክ ክፍል በጊዜ ሂደት ራሱ መምጠጡ ነው። የሚገርመው፣ ምስሉ ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው፣ ተቆርጦ የወጣው ዓይነት፣ ከሁሉ በተሻለ የሚመጠጠው መሆኑ ነው።

«ያቆሰለውን ነገር ደግሞ መንካት ለምን?» የሚሉም አሉ። በአንድ የተሳሳተ ቀን ከአቅም በላይ የተጫነ ክብደት ወገብን ሊጎዳ መቻሉ አይካድም። ይሁን እንጂ ስፖርቱ በጥቅሉ ሲታይ የሚገመተውን ያህል አደገኛ አይደለም፤ በክብደት አንሺዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲገመገሙ የተገኘው በ1,000 የልምምድ ሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት ተኩል የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ይህም የአካል ንክኪ ካለባቸው ስፖርቶች ያነሰ ነው። ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች የወገብ ሕመም ያለባቸውን 70 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ዴድሊፍት (ብረትን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም)፣ ለቀሩት ቀላል የእንቅስቃሴ ቁጥጥር ልምምድ ሰጡ። በሕመም መቀነስ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን በማቅለል ግን ቀላሉ ልምምድ በልጧል። ከዴድሊፍቱ ይበልጥ የተጠቀሙት መነሻ ሕመማቸው ያልበረታና የጀርባ ጡንቻቸው የተሻለ ጽናት የነበረው ሰዎች ናቸው። ከዚህ የምወስደው ፍርድ ግልጽ ነው፤ ከባዱ ብረት ለታመመ ወገብ መርዝ አይደለም፣ የመጀመሪያው መድኃኒትም አይደለም። ተራው ሲደርስ የሚመጣ ነው።

ተራውን ስለ መጠበቅ የአሜሪካዊው ፓወርሊፍተር ብራያን ካሮል ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ካሮል አከርካሪውና ከሥሩ ያለው ሳክረም የሚባለው አጥንት ክፉኛ ተጎድተውበት እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ወደሚገኘው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል ዘንድ ሄደ። ማክጊል በባለሙያዎች መካከል ባለው ክርክር ጠንቃቃው ወገን ነው፤ በአሳማ አከርካሪ ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሸክም ያለበት አከርካሪ ደጋግሞ ሲጎብጥ ዲስኩ ሊቀደድ እንደሚችል አሳይቷል። ተቺዎቹ ሕይወት የሌለው አካል ራሱን አይጠግንም፣ አይጠነክርምም ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ካሮል ግን በጠንቃቃው ሰው እጅ ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ሁሉ አቁሞ፣ በእግር ጉዞና ወገብን ሳያጎብጡ በሚሠሩ ቀላል የጽናት ልምምዶች ጀመረ፤ አጥንቱ እስኪጠግን ታገሰ፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወደ ብረቱ ተመለሰ። በጥቅምት 2020 ደጋፊ የውድድር ልብስ ለብሶ 592 ኪሎ ግራም ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብሎ መነሳት) ሠራ። የአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉ ሕግ አይሆንም፤ እንደ እሱ ያለ ክብደት መመኘትም ለማንም አስፈላጊ አይደለም። ነገር ግን የተጎዳ አከርካሪ ለዘላለም ደካማ ነው ለሚለው እምነት ይህ በቂ መልስ ነው።

ታዲያ መጠኑ እንዴት ይለካል? እዚህ ላይ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ አለ፤ በልምምድ ጊዜ የሚሰማ መጠነኛ ሕመም ያለ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት ካለፈው ቀን ከባሰ ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ ከሄደም መቀነስ ያስፈልጋል። ኪሎውን፣ የድግግሞሹን ብዛትና የሚወረድበትን ጥልቀት በአንድ ጊዜ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሕመሙ ሲያገረሽ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ብረቱን ከወለል ሳይሆን ከፍ ካለ መደገፊያ ላይ ማንሳት መጀመር ወገብን ብዙ ያሳርፋል። ከሰውነት ያለው ርቀትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን ውስጥ ሃንስ-ዮአኪም ቪልከና ባልደረቦቹ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብተው ሲያዩ፣ ዘና ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋፓስካል ነበር። 20 ኪሎ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1፣ ያንኑ ኪሎ በ60 ሳንቲ ሜትር አርቆ ሲይዝ ደግሞ 1.8 ሆነ። ዲስክ ሌሊት ውሃ መጥጦ ስለሚያብጥ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ ማጎንበስ ከወትሮው ይከብደዋል፤ ከሥራ በፊት ጂም የሚገባ ሰው አስቀድሞ ጥቂት ቢራመድ ይበጀዋል።

ይህ ሁሉ የማይመለከተው ሕመም አለ፤ እሱን መለየት ከማንኛውም ልምምድ ይቀድማል። ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር ማቃት፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ የእግር እየደከመ መሄድ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ያለበት ሰውም ሕመሙ የብረት ነው ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ ቲቢ ባልጠፋበት በአገራችን በሽታው አከርካሪን እንደሚያጠቃ መታወስ አለበት። ካንሰር የነበረበት፣ ከከፍታ የወደቀ ወይም አጥንቱ የሳሳበት ሰውም መጀመሪያ ይመርመር።

ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው ሰው ግን የሚያስፈልገው ክልከላ ሳይሆን ዕቅድ ነው። ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ሆይ፣ «አታንሳ» ስትሉ መቼ፣ በስንት ኪሎ እንደሚጀመርም ጨምራችሁ ንገሩ። እርስዎም አንባቢ፣ ይህ ካልተነገረዎት «እስከ መቼ?» ብለው ሳይጠይቁ ከምርመራ ክፍሉ አይውጡ።