የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል
ለወራት ቆጥባችሁ የገዛችኋቸውን ዕቃዎች ከልጃችሁ ጋር ገጣጥማችሁ ስታበቁ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢልስ? እኛም ቤት ገጥሞናል። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ታናሽ ወንድሜ «አቃጠልኩት» ብሎ እራቱን ሳይበላ ተኛ። በወጣው ገንዘብ ተናድጄ ስለነበር እኔም ልቆጣው ምንም አልቀረኝም።

አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ምልክቱን ለዩ።

ጭራሽ ካልበራ፦ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ሞክሩ፤ ከኋላ ያለው የፓወር ሰፕላዩ ማብሪያም መከፈቱን እዩ። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ 115 እና 230 የሚል መምረጫ አለው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሰኩ።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ፦ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ራሙን አውጥታችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ተጫኑት፤ ሁለት ከሆነ አንድ በአንድ ሞክሩ። ግራፊክስ ካርድ ካለው የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ሰኩ። ከዚያ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡትን የኃይል ገመዶች ተመልከቱ፦ ትልቁ ባለ 24 ፒን ነው፤ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ትንሹ ደግሞ ባለ 4 ወይም ባለ 8።

እኛ የረሳነው ትንሹን ነበር። በማግስቱ ሰካነው፤ ስክሪኑ በራ።

ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ለባለሙያ ስጡት።

ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ገመዱን እዩ። እኔ ያን ማታ ተቆጥቼው ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ዳግም ብሎን መፍቻ የሚያነሳ አይመስለኝም።