ስለሚነጋገሩ መኪናዎችና ስለ ቢቸና መንገደኛ

አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና በፍጥነቱም በብርታቱም እጅግ ሲለወጥ አንድ ነገር ግን ብዙ ሳይለወጥ ኖሯል፤ ይኸውም ሾፌሩ ዐይኑ ካየው በቀር ስለ መንገዱ የሚያውቀው ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ከፊቱ ካለው ካሚዮን ወዲያ ማን እንደሚመጣ የሚያውቀው ካሚዮኑን ለመቅደም ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል።

ይህን ዕውርነት ለማስወገድ ከሚደክሙት ሊቃውንት መካከል በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ሊጠቀሱ ይገባቸዋል። ሐሳባቸው ሲነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ መኪና ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ያለበትን ስፍራ፥ ፍጥነቱን፥ አቅጣጫውንና ፍሬን መያዝ አለመያዙን ባንድ ሴኮንድ 10 ጊዜ ያውጃል፤ በጥቂት መቶ ሜትር ዙሪያ ያሉትም መኪናዎች ይሰሙታል። ነገሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ ደወል ለእገሌ ተብሎ አይደወልም፥ የሰማው ሁሉ ግን ሰዓቱን ያውቅበታል። ጭጋግና ጨለማ ይህን ድምፅ አያግዱትም፤ የተራራ ጎን ግን ያደክመዋል። ከ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአን አርበር ከተማ ወደ 3000 የሚጠጉ መኪናዎች መሣሪያውን ይዘው በየመንገዱ ሲነጋገሩ ተፈትነዋል።

ዳሩ ግን መሣሪያው ሰው ማዳኑ የሚታወቀው አደጋ በቀረበ ጊዜ ነው፤ አደጋን ደግሞ ለፈተና ብሎ በሰው ላይ ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በ13 ሄክታር ያህል መሬት ላይ መንገድና መስቀለኛ፥ የቤትም ፊት ያለው፥ ነዋሪ ግን የሌለበት አንድ ትንሽ ከተማ ከፈተ፤ ስሙም ኤምሲቲ ይባላል። በ2011 ዓ.ም. ሄንሪ ሊዩና ይሄንግ ፌንግ የተባሉ ሊቃውንት እንደ ገለጹት፥ በዚህ ባዶ ከተማ አንድ እውነተኛ መኪና ሲነዳ ኮምፒዩተር ሌሎች መኪናዎችን በሐሳብ ይፈጥርና እንዳሉ አድርጎ በዚያው ሬዲዮ ያስታውቃል። የባቡር ሐዲድ ዘንድ ሲደርስ ባቡር እንደ መጣ ይነገረዋል። ባቡሩ የለም፤ መኪናው ግን ይቆማል። ባይቆምም አየር ውስጥ ያልፋል እንጂ የማንም እናት አታለቅስም። እውነቱና ምስሉ ባንድ ላይ ስለሚውሉበት ይህን የመሰለውን ጥበብ ቅይጥ እውነታ ይሉታል።

ምስል ከሩቅ አገር ሆኖ መንገድ ሊያሠራ እንደሚችል የሞጣ ሰው ከሌላው ይልቅ ያውቃል። ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚያሻግረው ዓባይ ላይ በአጤ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ሰብራ ድልድይ ተብሎ ሲኖር፥ መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ወጥቶ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ አየውና በ1994 ዓ.ም. ድልድዩ እንዲጠገን አደረገ። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም ተንጠልጣይ ድልድይ ተተክቶለታል።

አሁን የሚሺጋኑን ጥበብ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መንገድ ላይ አድርጎ መመልከት ይገባል። በገበያ ቀን በዚያ መንገድ ጤፍ የጫነ አህያ፥ ከብት የሚነዳ ልጅ፥ ጋሪና ባጃጅ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚወርድ የአብነት ተማሪ ይገኛል። ከነዚህ አንዱም በሬዲዮ አያውጅም። በመስማት ብቻ ለሚታመን መኪና ደግሞ ዝም ያለ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የጥበቡም ትልቅ አደጋ ይህ ነው። በውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም ይህን ስላወቁት ለእግረኛው ስልኩ እንዲናገርለት፥ ስልክ ለሌለውም በመንገድ ዳር የተተከለ ካሜራ አይቶ ስለ እርሱ እንዲያውጅለት እየሞከሩ ነው።

የሚነጋገሩትም ቢሆኑ ባንድ ቋንቋ አይነጋገሩም። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ለዚህ ሥራ 75 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ መድባ ነበር፤ ከ20 ዓመት በላይ ብዙ ሳይሠራበት ቢቆይ በኅዳር 2013 ዓ.ም. 45ቱ ለሌላ ተሰጥቶ 30 ብቻ ቀረ፤ የቀረውም በስልክ ኔትዎርክ ጥበብ ለተሠራው ለሌላው ዓይነት መሣሪያ ሆነ። ሁለቱ ዓይነት መሣሪያዎች እንደ ባቢሎን ግንበኞች አይደማመጡም። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ የቻይና ሥራ ናቸው፤ ቻይናም የመረጠችው ይህኑ ሁለተኛውን ነው። ሞገድን የሚያድለው ክፍል ሳያስብበት ቢቀር፥ የመኪናዎቹን ቋንቋ የሚመርጠው ሻጩ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ለድኻ አገር የሚስማማው ግን የምስሉ ፈተና ነው። አንድ መኪናና አንድ ባዶ ሜዳ ከተገኘ ሕዝቡን ኮምፒዩተሩ ያመጣዋልና። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችም ለመንገዱ ሩቅ አይደሉም። ዳሩ ግን ለሚሺጋን ጎዳና የተሠራ የምስል እግረኛ የዚያን አገር ጠባይ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አህያ ከመኪና ፊት ስትደነግጥ ወዴት እንደምትዞር፥ ሸክም ያላት ሴት አስፋልቱን በስንት ሴኮንድ እንደምትሻገር፥ እረኛ የቀረች ጥጃ ለመመለስ እንዴት ተመልሶ እንደሚሮጥ አያውቅም። ይህን ለማስተማር አስቀድሞ ከቢቸና ገበያ ዳር ቆሞ የሚቆጥርና የሚመዘግብ ተማሪ ያስፈልጋል።