ያውቁ ኖሯል? በሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናት ቀድሞ የሚማረው እጅ ነው

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

★ ዛሬ በብዙ ከተሞች ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠየቅበት ሞንቴሶሪ የተጀመረው በድሃ ሰፈር ነው። የመጀመሪያው «የልጆች ቤት» በጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የሠራተኞች መንደር ተከፈተ። ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቹ የታደሱትን ሕንፃዎች እንዳያበላሹ የሚጠብቃቸው ሰው ይፈለግ ነበር።

★ መሥራቿ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች፤ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቃለች። ለማስተማሪያ ዕቃዎቿ መነሻ የሆናትም የሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ የኢታርና የሴጋን ሥራ ነው።

★ ዕቃዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጡት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዋ መቆለፉን ረስታ፣ ጠዋትም አርፍዳ ስትደርስ ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ የየራሳቸውን መርጠው ሥራ ይዘዋል። እሷ እንደ ሌብነት ቆጠረችው። ሞንቴሶሪ ግን መምረጥ እንደሚችሉ አየችበት፤ ዝቅ ያለው ክፍት መደርደሪያም በዚህ ሰበብ መጣ።

★ ሮዝ ማማ የሚባሉት 10 ኩቦች ከ1 ሴንቲ ሜትር ተነስተው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋሉ። ቀለማቸውም እንጨታቸውም አንድ ስለሆነ የልጁን ዓይን የሚይዘው መጠናቸው ብቻ ነው። ትልቁ ኩብ ትንሹን 1,000 ጊዜ ይይዛል።

★ ባለ እጀታ ሲሊንደሮቹ የሚሰኩት 10 ቀዳዳ ባለው ወፍራም እንጨት ላይ ነው። ልጁ አንዱን ያለ ቦታው ከሰካ መጨረሻ ላይ የማይገባ ይተርፈዋል፤ «ተሳስተሃል» የሚል ሰው አያስፈልገውም። እጀታውን በሦስት ጣት መያዙ ደግሞ ለእርሳስ አያያዝ ያለማምደዋል።

★ በዚሁ ዕቃ ስትሠራ የነበረች አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ፣ ሌሎቹ ልጆች አጠገቧ እየዘፈኑ፣ እሷንም ከነወንበሯ አንስተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጧት፣ ሲሊንደሮቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጠለች። ከ40 ጊዜ በላይ ደጋግማው ስታበቃ ፊቷ ላይ ድካም አልታየም።

★ ፊደል በብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልጁም ድምፁን እያሰማ በሁለት ጣቱ ይከተለዋል። በላቲን ፊደል አናባቢው በሰማያዊ፣ ተነባቢው በሮዝ ሰሌዳ መለየቱ የተለመደ ነው። ለእኛ ፊደል ይህ አይሆንም፤ «ቡ» ላይ ሁለቱም በአንድ ቅርጽ ታስረዋል።

★ ዜሮም በእጅ ይነካል። 45 እንዝርት መሰል እንጨቶች ከ0 እስከ 9 በተጻፈባቸው ክፍልፋዮች ይታደላሉ። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ የ0 ቤት ባዶውን ይቀራል፤ ልጁ እጁን ከቶ ምንም አያገኝም።

★ ወርቃማ ጨሌዎቹ ሒሳብን ወደ ክብደት ይለውጡታል። አንድ ፍሬ 1፣ አንድ ዘንግ 10፣ አንድ ሰሌዳ 100፣ አንድ ኩብ 1,000። ገና መደመር ያልጀመረ ልጅ ሺህ ከመቶ ምን ያህል እንደሚከብድ መዳፉ ላይ ያውቀዋል።

★ ውኃ የሚቀዳው በእውነተኛ ብርጭቆ ነው። ፕላስቲክ ቢወድቅ ምንም አይሆንም፤ ብርጭቆ ግን ይሰበራል፣ ልጁም ጥንቃቄን ከዚያ ይማራል።

★ ከእያንዳንዱ ዕቃ መደርደሪያው ላይ የሚኖረው አንድ ብቻ ነው። ይህ ንፉግነት አይደለም፤ ጓደኛው ጨርሶ እስኪመልስ የሚጠብቅ ልጅ ተራን ይማራል።

★ የዝምታ ጨዋታ የተፈለሰፈው በአራት ወር ሕፃን ምክንያት ነው። ሞንቴሶሪ ሕፃኗን ታቅፋ ክፍል ገባችና «እንደ እሷ ጸጥ ማለት የሚችል ማነው?» ብላ ተማሪዎቹን ተፈታተነች።

★ ጣሊያን በ1990ዎቹ ያሳተመችው የ1,000 ሊሬ ኖት የሞንቴሶሪን ምስል የያዘ ነበር።

★ «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም በብዙ አገሮች ባለቤት የለውም፤ ማንም ትምህርት ቤት ታፔላው ላይ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ታፔላውን ትተው መደርደሪያውን ይመልከቱ። የልጁ እጅ ይደርስበታል? ዕቃውን አንስቶ የሚመልሰውስ ልጁ ነው ወይስ አስተማሪዋ?