ደንበኛን የሚያመጣው የትኛው አስተሳሰብ ነው? የፎቶግራፍ ሥራ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። በአንድ ከተማ፣ በተመሳሳይ ካሜራና በተቀራራቢ ችሎታ የሚሠሩ ሁለት ፎቶ አንሺዎች አሉ እንበል። አንደኛው ሥራ በዝቶበት ቀን ሲያጥረው፣ ሌላው ደጅ ደጁን ሲያይ ይውላል። ብዙ ሰው ልዩነቱን በዕድል፣ በዘመድ ወይም በካሜራው ዋጋ ያስረዳል። በየአዳራሹ የሚሰጠው የማነቃቂያ ሥልጠና ደግሞ «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ደንበኛው ራሱ ይመጣል» ይላል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከሁለቱም ይለያል። አስተሳሰብ ደንበኛን ያመጣል፤ የሚያመጣው ግን ደንበኛው በዓይኑ ሊያየው ወደሚችል ተግባር ሲለወጥ ብቻ ነው። ይህንንም በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ባለው ገበያ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ከእናንተ መካከል ተመርቃችሁ ስትወጡ በማኅበር ተደራጅታችሁ፣ በብድር ካሜራና መብራት የምትገዙ ትኖራላችሁ። ብድሩ የሚከፈለው ከደንበኛ በሚገኝ ገንዘብ እንጂ ከሥልጠና አዳራሽ ይዛችሁ በምትወጡት ሞቅታ አይደለም።

በመጀመሪያ «ማይንድሴት» የሚባለውን ነገር እንመርምር። የሥነ ልቦና ምሁሯ ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ችሎታ የማይለወጥ ስጦታ ነው ብሎ የሚያምን ሰውና ችሎታ በጥረት ያድጋል ብሎ የሚያምን ሰው እንቅፋት ሲገጥማቸው የሚያሳዩት ጠባይ እንደሚለያይ አብራርተዋል። ሐሳቡ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ፤ ሲሰራጭም ተጋነነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የታተመና በአሜሪካ ከ12,000 በላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት፣ አጭር የአስተሳሰብ ሥልጠና ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን ተማሪዎች አማካይ ነጥብ ከፍ ያደረገው በ0.1 ያህል መሆኑን አሳይቷል። ለውጡ እውነተኛ ነው፤ ትንሽ መሆኑንም መካድ አይቻልም።

ለንግድ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የተገኘው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ የሚገኙ 1,500 የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፈለ። አንደኛው ቡድን የሒሳብ አያያዝንና ግብይትን የመሰለ የተለመደ የንግድ ሥልጠና ወሰደ። ሁለተኛው «የግል ተነሣሽነት» ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ሥልጠና አላገኘም። በሁለት ዓመታት ክትትል የተነሣሽነት ሠልጣኞች ትርፍ ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በለጠ። በተለመደው ሥልጠና የታየው የ11 በመቶ ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ መመዘኛ እርግጠኛ ሊባል የሚችል አልነበረም። የተነሣሽነት ሥልጠናው ያስተማረው ሦስት ነገር ነው፦ ሳይጠየቁ መጀመርን፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ማሰብንና እንቅፋት ሲያጋጥም ሌላ መንገድ መፈለግን። ሦስቱም የአስተሳሰብ ልማዶች ናቸው፤ ሦስቱም በሥራ ይታያሉ።

አሁን ወደ ራሳችን የፎቶግራፍ ሙያ ልመለስ። በአገራችን የሙያው ታሪክ ቀደምት ስፍራ ከያዙት መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ይገኙበታል። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በፎቶ አንሺነት አገልግለዋል፤ ሙያውንም ልጆቻቸው ወርሰውታል። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሲጠራ ሄዶ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በየከተማው የተስፋፋው ፎቶ ቤት ደግሞ ደንበኛው በግድ የሚመጣበት ቤት ሆነ፤ ለቀበሌ መታወቂያም ሆነ ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ያስፈልግ ነበርና። በሁለቱም ዘመን ፎቶ አንሺው መጠበቅን ቢለምድ አያስደንቅም፤ መጠበቅ ያዋጣ ነበር። ዛሬ ግን የፋይዳ መታወቂያ ሲወሰድ ፎቶው የሚነሣው እዚያው በምዝገባው ጣቢያ ነው። የልደቱንና የቡናውን ፎቶ ደግሞ የእጅ ስልክ ያነሣዋል። ገበያው ሲለወጥ የመጠበቁ ልማድ ግን በብዙ ፎቶ ቤቶች ቀርቷል። ስለ አስተሳሰብ ስናገር በዋናነት የማስበው ይህንን ነው።

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር ተመረቀ። ዋና ትኩረቱ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው። ለአንድ ፎቶ አንሺ ይህ ምን ማለት ነው? «የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ደንበኛ አይገኝም» ብሎ የሚደመድም አለ። ሌላው «ማን፣ መቼ፣ ለምን ፎቶ ይፈልጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ከገጠር ወጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት ለወላጆቿ የምትልከው ፎቶ «ደኅና ነኝ» የሚል መልእክት ነው። በስልኳ ልትነሣ ትችላለች፤ ታትሞና በክፈፍ ገብቶ እናቷ ቤት የሚሰቀለውን ግን ስልኳ አይሰጣትም። አራቱ አዋጥተው በዕረፍት ቀናቸው ቢነሡ ለእያንዳንዳቸው ዋጋው ይቀላል። ይህንን የተረዳ ፎቶ አንሺ በዚያ ቀን ይከፍታል፤ የቡድን ዋጋውንም ጽፎ በበሩ ላይ ይለጥፋል።

ፋብሪካው ራሱም ደንበኛ ሊሆን ይችላል። የልብስ አምራች ናሙናውን ለውጭ ገዢ ሲያሳይ ቀለሙ እውነተኛውን የሚመስል፣ ዳራው ንጹሕና ሁሉም በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሣ ፎቶ ይፈልጋል። ፓርኩ የታጠረ ግቢ በመሆኑ ያለ ፈቃድ አይገባም። የሚጠብቀው ፎቶ አንሺ አጥሩን አይቶ ይመለሳል። ተነሣሽነት ያለው ግን ከገበያ አሥር ልብስ ተውሶ ያነሣል፣ ሥራውን በአንድ ገጽ ያደራጃል፣ ዋጋውንና የማስረከቢያ ቀኑን ይጽፋል፤ ደብዳቤውን ይዞም ወደ አስተዳደሩ ይሄዳል። ቢከለከል እንኳ የተዘጋጀው ናሙና በከተማው ላሉ ልብስ ሰፊዎችና ሱቆች ያገለግላል።

አስቀድሞ ማሰብ ደግሞ የቀን መቁጠሪያን ይጠይቃል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርና በሶደሬ የሚነሡት ሙሽሮች ቁጥር በዚያ ወቅት እንደሚቀንስ ከወዲሁ ይታወቃል። የታወቀ ባዶ ወቅት በፋብሪካና በሱቅ ዕቃዎች ፎቶ ሊሞላ ይችላል።

አስተሳሰብ በዋጋ ድርድርም ይገለጣል። «ስንት ነው?» ሲባል የፈራ ሰው ወዲያው ዋጋ ይሰብራል። ደንበኛውን ለመረዳት የሚፈልግ «ለምን አገልግሎት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም አማራጮችን ያቀርባል። ቀብድ ሲቀበል የሚያስረክብበትን ቀን በጽሑፍ ይሰጣል፤ ፎቶዎቹንም በሁለት ቦታ ያስቀምጣል። በከተሞቻችን በሰርግ አልበም ላይ የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ «ነገ ተመለሱ» መባል ነው። በቀኑ የተረከበች ሙሽራ ለእኅቷና ለሚዜዎቿ ታወራለች፤ ቀጣዩ ደንበኛ የሚመጣውም በዚያ ወሬ ነው።

ይሁን እንጂ የአስተሳሰብን ወሰን ሳልናገር ብጨርስ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚገባ ሌንስም በዚያው ልክ የሚወደድ ሆነ። እነዚህን የትኛውም ፎቶ አንሺ በአስተሳሰቡ አላመጣቸውም፤ በአስተሳሰቡም አያስቀራቸውም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ወደ 1,000 በሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች ላይ ያደረጉት ጥናትም ትምህርት ይሰጠናል። 300 ዶላር ያህል ድጋፍና የንግድ ሥልጠና ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፍቶ ተገኘ። ጥሩ አነሣስ ዘላቂ ገበያን አያረጋግጥም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምለው ይህ ነው፦ ደንበኛ ሲጠፋ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን መርምሩ። ማንን ጠየቃችሁ? ምን አሳያችሁ? በስንት ቀን አስረከባችሁ? መልሱ አጥጋቢ ሆኖ ሳለ ገበያው ከጠፋ፣ ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አትጫኑ፤ ገበያ ቀይሩ። ለባልደረቦቼ ደግሞ አደራ የምለው፣ ብድር ተሸክሞ የከሰረን ወጣት «ችግሩ አስተሳሰብህ ነው» ብለን እንዳናሰናብተው ነው። ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለን ሒሳቡንና ገበያውን ማየት የእኛ ሙያዊ ግዴታ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።