የቀድሞ የመንግሥት ኃላፊዎች የወንጀል ምርመራ እና የፕሬዚዳንቱ የይቅርታ ሥልጣን

ከመንግሥት ኃላፊነት የተነሳ ሰው በሥልጣን ዘመኑ ለፈጸመው ወንጀል ተጠያቂነቱ ከሥልጣኑ ጋር አይቀርም። በሚኤሶ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሠራም ሆነ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሚኒስትር የነበረ፣ የወንጀሉ የይርጋ ዘመን እስካላለፈ ድረስ ሊመረመርና ሊከሰስ ይችላል። ቤተሰቦች ዘመዳቸው ተይዞ ምርመራ እንደተጀመረ ለይቅርታ ማመልከቻ ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው። ይሁንና በዚያ ደረጃ የሚቀርብ የይቅርታ ጥያቄ ተቀባይነት የለውም፤ ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ነውና።

በምርመራ ወቅት አቤቱታ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚጠይቀው ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለምርመራ የሚፈቀደው ተጨማሪ ጊዜ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ዋስትና የሚጠየቀውም፣ ያለአግባብ ታስሬያለሁ የሚል ሰው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚያቀርበውም ለፍርድ ቤት ነው።

ክስ ከቀረበ በኋላ ዐቃቤ ሕግ በሕግ በተሰጠው ሥልጣን ክሱን ሊያነሳ ይችላል። የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 ተይዘው በግንቦት 2010 የተፈቱት ክሳቸው ተቋርጦ ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ይፋ በሆነው ውሳኔ አቶ ስብሐት ነጋና ሌሎች ተከሳሾች የተለቀቁትም እንዲሁ ነው። እነዚህን ውሳኔዎች በዕለት ንግግር "ይቅርታ" ማለት የተለመደ ቢሆንም ፕሬዚዳንቱ የሚሰጡት ይቅርታ አልነበሩም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ንዑስ አንቀጽ 7 የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። አሠራሩ የተወሰነው በይቅርታ አሰጣጥና አፈጻጸም ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 840/2006 ነው። ጥያቄው ለይቅርታ ቦርድ ቀርቦ ይመረመራል፤ ቦርዱ የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል። ፍርደኛው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ጠበቃው ማመልከት ይችላሉ። ፍርዱ የመጨረሻ መሆን አለበት፤ ይግባኝ በሂደት ላይ ሳለ ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም። የወንጀሉ ክብደት፣ ፍርደኛው የታሰረበት ጊዜ፣ ጸጸቱ፣ ጤናውና ዕድሜው እንዲሁም ተበዳዩን ለመካስና ለመታረቅ ያደረገው ጥረት ከሚመዘኑት ነገሮች መካከል ናቸው። "በሰው አስጨርሳለሁ" የሚል ደላላ በዚህ ሂደት ውስጥ ምንም ቦታ የለውም።

ይቅርታ ሁልጊዜ በር አስከፍቶ አያስወጣም፤ ቅጣቱን ወደ ቀለለ ቅጣት ሊለውጥም ይችላል። የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ምርመራውና ክሱ በ1984 ለተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተሰጠ፤ የችሎቱ ሂደት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 የሞት ቅጣት ወሰነ። የሃይማኖት አባቶች ይቅርታ እንዲደረግ ከጠየቁ በኋላ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በግንቦት 2003 የ23 ባለሥልጣናትን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመስከረም 2004 የወጡት ግን በአመክሮ ነው። ለረጅም ዓመታት በጣሊያን ኤምባሲ ተጠግተው የኖሩት ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላም በታኅሣሥ 2013 በተመሳሳይ መንገድ አለፉ፤ መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ የሞት ቅጣታቸውን ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት በአመክሮ ለቀቃቸው።

አመክሮ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በወንጀል ሕጉ መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት የፈጸመ ሰው ሊጠይቀው ይችላል። በሙስና ወንጀል 18 ዓመት የተፈረደባቸው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ በታኅሣሥ 2001 የወጡት ወደ 12 ዓመት ገደማ ታስረው በአመክሮ ነው።

ለዕድሜ ልክ እስራት ከመለወጥ ያለፈ ይቅርታ የማይደረግባቸው ወንጀሎችም አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን በይርጋ እንዳይታገዱ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንዳይታለፉ ደንግጓል። የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ግን ለርዕሰ ብሔሩ ተፈቅዷል፤ የደርግ ባለሥልጣናት ውሳኔም እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር።

በይቅርታ ቅጣት ቢቀርም የጥፋተኝነት ፍርዱ በመዝገብ ይቀራል። ምሕረት በሕግ የሚሰጥ ሆኖ ክስን ያስቆማል፤ የተሰጠ ፍርድንም እንዳልነበረ ያስቆጥራል። በ2010 የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 ለዚህ ምሳሌ ነው። በሁለቱም ሁኔታ የተበዳዩ የካሳ መብት ይጠበቃል። ስለዚህ በአንድ ኃላፊ ድርጊት መሬቱን ወይም ገንዘቡን ያጣ ነዋሪ፣ ኃላፊው ይቅርታ ስላገኘ ብቻ የፍትሐ ብሔር ጥያቄውን መተው የለበትም። ይቅርታ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረውም ይችላል፤ በሐምሌ 1999 ይቅርታ የተደረገላቸው የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይቅርታቸው ተሰርዞ በታኅሣሥ 2001 ዳግም ታስረው እስከ መስከረም 2003 ቆይተዋል።

ከሚኤሶ የሚነሳ አመልካች ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ማመልከቻው ለማን እንደሚቀርብ ነው። ፍርደኛው በጭሮ ማረሚያ ቤት መሆኑ ብቻ መልስ አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ስለሚይዝ፣ ጭሮ የሚያስችለው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለቱንም ዓይነት ጉዳይ ሊወስን ይችላል። በፌዴራል ሥልጣን የተወሰነ ከሆነ ጥያቄው ወደ ፌዴራሉ የይቅርታ ቦርድ ይሄዳል፤ በክልሉ ሥልጣን የተወሰነ ከሆነ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል የይቅርታ ሥርዓት ይታያል። ለመለየት የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አውጥቶ ክሱን ማን እንዳቀረበና በየትኛው ሥልጣን እንደተወሰነ ማየት ያስፈልጋል። ግልባጩ ለማመልከቻውም አባሪ ስለሚሆን ወደ አዲስ አበባ ከመነሳት በፊት በእጅ መያዙ ሁለተኛ ጉዞ ያድናል።